ኮምቦልቻ ላይ ጉም በረራ ሲያስቀር የተሳፋሪው መብት እስከ የት ነው?

የጦሳዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እናቴና አክስቴ በሐምሌ መጨረሻ ለዑምራ ሊሄዱ ነው። ከኮምቦልቻ በጠዋቱ በረራ ቦሌ፣ ማታውኑ ደግሞ ከቦሌ ጅዳ። ቲኬቱ ገና አልተቆረጠም። የሐምሌን ጉም ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለቱም ከስድሳ ዓመት በላይ ናቸው፣ የሚሄዱትም ብቻቸውን ስለሆነ ነገሩን ቀድሜ ማወቅ ፈልጌ ነው። በረራው በጉም ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ «የአየር ጸባይ ነው» ተብሎ ይቀራል? የጅዳው ቲኬትስ ይቃጠላል? አልጋና ምግብ ማን ይችላል? የኮምቦልቻውን ለብቻ፣ የጅዳውን ለብቻ ብቆርጥ የሚረክስ ይመስላል፤ ለውጥ አለው?


ቲኬት ቆራጭ

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ፣ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። ለየብቻ አትቁረጪ።

ከኮምቦልቻ እስከ ጅዳ ያለው ጉዞ በአንድ የቦታ መያዣ ቁጥር (ስድስት ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት፣ ፒኤንአር የምንለው) ሥር፣ በአንድ ቲኬት ከተቆረጠ፣ አየር መንገዱ የተዋዋለው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ጅዳ ሊያደርስ ነው። የጠዋቱ በረራ በጉም ቀርቶ የማታው ቢያመልጣቸው፣ ቦታ ባለበት በሚቀጥለው በረራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማሳፈር የእሱ ግዴታ ይሆናል። ለየብቻ ከቆረጥሽ ግን ሁለት ውል ነው። የጅዳው ቲኬት ስለ ኮምቦልቻ ጉም የሚያውቀው ነገር የለም፤ እናትሽ በሰዓቱ ካልተገኙ «ኖሾው» ተብለው ይመዘገባሉ፣ ቅጣቱም በእነሱ ላይ ነው። ሁለቱም ቲኬት የአንድ አየር መንገድ ቢሆን እንኳ ነገሩ ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የዑምራ ወኪሎች የሚሸጡት ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከቦሌ ነው። ስለዚህ ወኪሉን ቲኬቱ ከመውጣቱ በፊት «የኮምቦልቻውን ክፍል እዚያው ፒኤንአር ውስጥ ጨምርልኝ» በዪው። ቲኬቱ ከወጣ በኋላ መጨመር ዋጋውም ጣጣውም ይበዛል። የቡድን ቲኬት ነው፣ አይጨመርም ካለሽ፣ በዚያ ጊዜ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፦ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ገብተው ይደሩ። በክረምት ሁለት ቀን ቢሆንም አይበዛም።

ስለ ገንዘቡ። ጉም የካሳን ጥያቄ ያዳክማል እንጂ የቲኬቱን ዋጋ አይበላም። አየር መንገዱ በረራውን ከሰረዘ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ወይ በሌላ ቀን ያለ ቅጣት መሳፈር፣ ወይ በሌላ መስመር መዞር፣ ወይ ያልተጠቀሙበትን ክፍል ገንዘብ መቀበል ይቻላል። በእኛ ሥራ ይህ «ኢንቮለንተሪ ሪፈንድ» ይባላል፤ ተሳፋሪው ሳይፈልግ የመጣ ማለት ነው፣ ቅጣት አይቆረጥበትም። ተቃራኒው «ቮለንተሪ» ነው፦ ተሳፋሪው ራሱ ሲተው። እዚህ ላይ ቅጣት አለ፣ ርካሽ ቲኬት ከሆነ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል።

ወጥመዱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጠዋት ጉሙን አይታችሁ «ዛሬስ አይበርም» ብላችሁ በመተግበሪያው ላይ ሰርዝ የሚለውን ከተጫናችሁ፣ ሲስተሙ የሚመዘግበው እናንተ እንደተዋችሁት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አየር መንገዱ በረራውን ቢሰርዘውም የእናንተ ቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ የስረዛው መልእክት እስኪመጣ ወይም በረራው ተሰርዟል ተብሎ መመዝገቢያው ላይ እስኪነገር ድረስ ምንም አትንኩ። ሲነገር ደግሞ ሠራተኛዋን በትሕትና «ኢንቮለንተሪ ብለሽ መዝግቢልኝ» በሏት።

አንድ ነገር ደግሞ ቲኬቱ እንደወጣ በዕለቱ ይታይ፦ መያዣው ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የማን ነው? ወኪሎች ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ያስገባሉ። የስረዛው አጭር መልእክት ለወኪሉ ይደርሰውና እሱ እስኪነሣ እናትሽ ሐረጎን (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት) ወርደው ጨርሰዋል። የአንቺና የእናትሽ ቁጥር ሁለቱም እንዲገባ አድርጊ።


ሜታር አንባቢ

ቲኬት ቆራጭ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ስለ ጉሙ ልጨምር፣ መቼ ተስፋ እንደሚቆረጥና መቼ እንደማይቆረጥ ማወቁ ይጠቅማልና።

አንደኛ ነገር፣ ደሴ ላይ በመስኮት አይታችሁ ስለ ኮምቦልቻ አትፍረዱ። ደሴ ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። በክረምት ዝቅ ብሎ የሚጓዘው ደመና ደሴ ዙሪያ ያሉትን ጦሳንና አዝዋ ገደልን ሲነካ ለደሴ ሰው ጉም ይሆናል፤ ቁልቁል ቦርከና ሜዳ ላይ ግን ከራስ በላይ ያለ ደመና ብቻ ነው። ፒያሳ ላይ አስር እርምጃ የማያሳይ ጉም እያለ ኮምቦልቻ ማኮብኮቢያው ጥርት ሊል ይችላል። ግልባጩም ያጋጥማል፦ ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ መሬቱ እርጥብ ከሆነ ቅዝቃዜው ሸለቆው ውስጥ ይተኛና ሊነጋጋ ሲል ኮምቦልቻ በጉም ትሞላለች፣ ደሴ ግን ፀሐይ ላይ ናት። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ፀሐይ ስትበረታ ይነሣል፣ ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው። የመጀመሪያው ግን ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል።

በአየር ጸባይ ቋንቋ ጉም የሚባለው አግድም እይታ ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 5,000 ሜትር ያለው ጭጋግ ነው። ተሳፋሪ ግራ የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ጉሙ ከመሬት ተነሥቶ፣ ማኮብኮቢያው ከጫፍ እስከ ጫፍ እየታየ «አሁንም አይቻልም» ሲባል። ቀና ብላችሁ ተራራዎቹን እዩ። ወገባቸው ላይ ደመና ከተጠመጠመ መልሱ እሱ ነው። አብራሪው ማኮብኮቢያውን ሳያይ ሊወርድ የሚችልበት የከፍታ ወለል አለ። አይኤልኤስ የሚባለው የማረፊያ መሪ መሣሪያ ባለበት፣ በመጀመሪያው ደረጃ፣ ወለሉ ከመሬት 60 ሜትር (200 ጫማ) ድረስ ይወርዳል፣ የማኮብኮቢያ እይታውም እስከ 550 ሜትር ይፈቀዳል። መሣሪያው በሌለበትና ዙሪያውን ተራራ በሆነበት ማረፊያ ወለሉ በጣም ከፍ ይላል። ደመናው ከዚያ ወለል በታች ከሆነ፣ ከሥር ያለው ቢጠራም አውሮፕላኑ አይወርድም።

አውሮፕላኑ ከላይ ሲዞር ተሰምቶ ከተመለሰም ነገሩ ነዳጅ ነው። ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰውና ከዚያም በላይ ለ30 ደቂቃ የሚሆን መጠባበቂያ መነካት የለበትም። ያ ሲቃረብ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል ወይም ሌላ ማረፊያ ይገባል።

የማረፊያውን የአየር ሁኔታ ዘገባ (ሜታር) ስልክ ላይ ማየት ይቻላል። የኮምቦልቻ መለያው ኤችኤዲሲ ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ 3 ሰዓት ደምሩበት፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፦ 0500 የሚል ካያችሁ 8:00 ነው፣ በእኛ ከጠዋቱ 2:00። «ኤፍጂ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ጉም፣ «ቢአር» ጭጋግ ናቸው። ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት። ኋላ ሙግት ቢመጣ፣ በዚያች ሰዓት ጉም ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚፈታው እሱ ነው።


ሐረጎ ቁልቁል

አጭር ነገር። አውሮፕላኑ ሳይቀር ሰው የሚቀርበት ጉም አለ፣ የሐረጎ ጉም። ከደሴ ኮምቦልቻ ያሉት ሃያ አምስት ገደማ ኪሎ ሜትሮች በደህና ቀን ከአንድ ሰዓት በታች ናቸው፤ ጠመዝማዛው ላይ ጉም ሲወርድና የጭነት መኪና ሲሰለፍ ግን እጥፍ ይፈጃሉ። መመዝገቢያው ከተዘጋ በኋላ ከደረሱ ጥፋቱ የተሳፋሪው ነው፣ መንገድ ላይ ያለ ጉም አየር መንገዱን አይመለከተውም። እናቶቹ ከዋዜማው ኮምቦልቻ ወርደው ዘመድ ቤት ቢያድሩ ነው የሚሻለው።

ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑንም ንገሯቸው። 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1:30 ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።


የጦሳዋ

አላህ ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገለጣችሁልኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ፍራንክፈርት ያለ የአክስቴ ልጅ «በረራ ከተሰረዘ በሰው 600 ዩሮ ካሳ አለ፣ ጠይቁ» ይላል፤ እውነት ነው? ሌላው፣ ጠዋት በረራው ከቀረ በመኪና አዲስ አበባ አድርሰን የማታውን እንዲይዙ ማድረግ እንችላለን?


ደንብና ውል

የ600 ዩሮው ነገር ያለው በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ነው። የሚሠራው ከኅብረቱ አገር ለሚነሣ በረራ ሁሉ፣ ወይም ከውጭ ወደ ኅብረቱ አገር ለሚገባ የኅብረቱ አየር መንገድ በረራ ነው። ከኮምቦልቻ በአዲስ አበባ ጅዳ በሁለቱም አይገባም። የአክስትሽ ልጅ ራሱ ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ኮምቦልቻ ድረስ በአንድ መያዣ ሲመጣ ደንቡ ይሸፍነዋል፤ ያኔም ቢሆን የጉም ስረዛ «ልዩ ሁኔታ» ስለሚባል ካሳው አይከፈልም። የሚቀረው ምግብ፣ አልጋ፣ ሌላ በረራ ወይም ገንዘብ ተመላሽ ነው።

ለእናትሽ የሚሠራው የ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም ሳዑዲ ዓረቢያም አባል ናቸው። በአንድ ውል የተቆረጠ ጉዞ ከሆነ ከኮምቦልቻ ቦሌ ያለው የአገር ውስጥ ክፍልም እንደ ዓለም አቀፍ ጉዞ ይቆጠራል፤ አንድ ላይ መቁረጥ የሚጠቅምበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። አንቀጽ 19 አጓጓዡን ለመዘግየት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ጉዳቱን ለመከላከል በአግባቡ ሊወሰድ የሚገባውን እርምጃ ሁሉ ወስጃለሁ ብሎ ካስረዳ ግን ነጻ ይወጣል። ጉም ማስረዳት ቀላል ነው። ከጉሙ በኋላ የሆነውን ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። ጉሙ 4 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ የከሰዓቱ በረራ ገብቶ ወጥቶ፣ ሁለት አሮጊቶች ያለ ምክንያት ለሦስት ቀን ከተረሱ፣ ያ የጉም ጥፋት ነው ማለት ያስቸግራል። ጥያቄ የሚቀርበው በዚህኛው ክፍል ላይ ነው።

ስምምነቱ እንደ አውሮፓው ደንብ የተቆረጠ ካሳ አይሰጥም። በእጅ የወጣ፣ ደረሰኝ ያለው ኪሳራ ነው የሚተካው፦ አልጋ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ሌላ የተቃጠለ ክፍያ። ጣሪያው ለአንድ ተሳፋሪ 6,303 ኤስዲአር ነው (የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ፣ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ)። ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ቅሬታው መጀመሪያ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ይገባል፤ መልስ ካልተገኘ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል።

አልጋና ምግብን በተመለከተ፣ የጠዋቱ በረራ ከቀረባቸው ቤታቸው አጠገብ ናቸውና ኮምቦልቻ ላይ ብዙ አይጠበቅም። ቦሌ ደርሰው ተያያዡ ካመለጣቸው ግን በአንድ መያዣ እስከሆኑ ድረስ አልጋ ይጠይቁ። ሠራተኛው «ራሳችሁ ያዙ፣ ኋላ ታወራርዳላችሁ» ካላቸው ያንን በጽሑፍ ወይም ቢያንስ በአጭር መልእክት ይቀበሉ፣ ደረሰኙም በስማቸው ይሁን።

ከሁሉም በላይ «በረራ ቁጥር ይህ፣ ቀን ይህ፣ በአየር ጸባይ ምክንያት ተሰርዟል» የሚል ማህተም ያለበት ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠይቁ። በነጻ ነው፣ ሲጠየቅ ይሰጣል፣ ሳይጠየቅ ግን ማንም አያስታውሰውም። መካ ላይ የተያዘውን ሆቴል ቀን ለማዛወር የዑምራ ወኪሉ የሚፈልገው ይህችን ወረቀት ነው።


ቲኬት ቆራጭ

የመኪናው ጉዳይ ላይ ተጠንቀቂ፤ ይቻላል፣ ግን በስልክ አንድ ነገር ሳይደረግ ከተነሡ የጅዳው ይጠፋል።

ቲኬት ውስጥ እያንዳንዱ በረራ አንድ ኩፖን ነው፣ በተራ ነው የሚበላው። የመጀመሪያው ኩፖን ሳይበላ ካለፈ ሲስተሙ ተሳፋሪው ቀርቷል ብሎ የቀሩትን ቦታዎች ሁሉ ሊሰርዝ ይችላል፣ የመልሱን ጭምር። በተለይ በረራው ተሰረዘ ሳይባል «ዘግይቷል» እየተባለ ሳለ ጥለው ከሄዱ፣ አውሮፕላኑ 6 ሰዓት ላይ ገብቶ ይነሣና እነሱ ኖሾው ይሆናሉ። ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ የጅዳው ቦታቸው ተለቋል ማለት ነው።

ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት መመዝገቢያው ላይ ወይም በጥሪ ማዕከሉ እንዲህ በሉ፦ «የኮምቦልቻውን ክፍል በኢንቮለንተሪ አውጡልን፣ ከቦሌ ያለው እንዳለ ይቆይ፣ ቲኬቱ እንደገና ይውጣ።» ቲኬቱ እንደገና ሲወጣ አዲስ 13 አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል (የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል)። አዲሱን ቁጥር በእጃችሁ ሳትይዙ መኪና ውስጥ አትግቡ፤ «እሺ አስተካክዬዋለሁ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። መዝገቡ ላይ ተቀይሮ ቲኬቱ ካልተቀየረ ቦሌ ላይ ችግር ይመጣል።

ሰዓቱንም አስሊ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ወደ 375 ኪሎ ሜትር ነው፣ በደህና መንገድ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ሌላ ጉም አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሣ ሰው ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት አይገባም። የጅዳው በረራ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ከሆነ ይደረስበታል፣ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ አይሞከርም። የመንገዱን ሰላምም በዚያው ቀን የወረደ ሹፌር ጠይቁ።

ላለመሄድ ከወሰኑና የሚቀጥለውን በረራ ከመረጡ ደግሞ ፍጥነት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ክዩ 400 የሚባለው አነስተኛ አውሮፕላን 70 ገደማ መቀመጫ ያለው ነው፣ የነገው በረራም አስቀድሞ ተሸጧል። የተሰረዘው በረራ ሰው ሁሉ በነገው ላይ ባሉ ጥቂት ወንበሮች ነው የሚሻማው። እናቶቹ ሰልፉን ይያዙ፣ አንቺ ከቤት ሆነሽ በዚያው ደቂቃ ጥሪ ማዕከሉን ወይም መተግበሪያውን ሞክሪ። ተያያዥ ዓለም አቀፍ በረራ እንዳላቸው መጀመሪያ ንገሪ፤ ቅድሚያ ከሚያሰጡት ነገሮች አንዱ ነው።


ሜታር አንባቢ

ቀኑ ገና ስላልተያዘ አንድ ሐሳብ። ምርጫ ካለ የመጀመሪያውን የጠዋት በረራ ሳይሆን ረፋድ ወይም እኩለ ቀን አካባቢ ያለውን ያዙ። የጠዋት ጉም እስከዚያ ይነሣል። ወደ ማታ ያለውንም አትመኙ፤ ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ይመጣል፣ የማኮብኮቢያ መብራት በሌለበት ማረፊያ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የዘገየው በረራ ወዲያው ወደ ስረዛ ይለወጣል። የጅዳው በዚያው ዕለት ከሆነ ግን ይህ ምርጫ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም፣ አንድ ቀን ቀድሞ መግባቱ ይበልጣል።


ሻንጣ ተረካቢ

ስለ ሻንጣ ማንም አላነሣም። በረራው ከመሰረዙ በፊት ሻንጣው ተመዝግቦ ከሆነ ሳይረከቡ ከአዳራሹ አይውጡ፤ በመኪና ለመሄድ ከወሰኑ በተለይ። ሻንጣው ላይ በሚታሰረው ታግ መነሻው ዲኤስኢ ተብሎ ይጻፋል፣ ደሴ ከሚለው የመጣ ነው፣ ማረፊያው ኮምቦልቻ ቢሆንም አይደንግጡ። የቦርዲንግ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የሚለጠፈውን ቁራጭ ታግ ማንም እንዳይጥለው።

ጅዳ ደርሰው ሻንጣው ካልመጣ ከአዳራሹ ሳይወጡ «ፒአይአር» የሚባለውን የሻንጣ ችግር ማስመዝገቢያ ቅጽ ያስሞሉ። ሻንጣው ከተጎዳ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከመጣ ከተረከቡበት በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ በጽሑፍ ካልገባ በሞንትሪያሉ ስምምነት መጠየቅ አይቻልም። ለኢሕራም የሚለብሱትንና የየቀኑ መድኃኒታቸውን በእጅ ቦርሳ ያድርጉት።


የጦሳዋ

ወኪሉን ጠየቅሁት። የኮምቦልቻውን እዚያው መያዣ ላይ መጨመር ይቻላል አለኝ፣ ቲኬቱ ሐሙስ ነው የሚወጣው። በተጨማሪ የጅዳውን በአንድ ቀን አዘገየሁት፣ አዲስ አበባ ሳሪስ እህታችን ቤት ያድራሉ። ስልክ ቁጥሩ ላይ የእሱ ነበር የገባው፣ የእኔና የእናቴ ይሁን ብዬዋለሁ።


ቲኬት ቆራጭ

አብሽሪ፣ ጥሩ አድርገሻል። ሐሙስ ቲኬቱ ሲደርስሽ ለእያንዳንዳቸው ሁለቱም በረራዎች በአንድ ቲኬት ቁጥር ሥር መሆናቸውን እዪ። ፒኤንአሩ አንድ ሆኖ የአንዷ ተሳፋሪ የቲኬት ቁጥር ሁለት ከሆነ፣ ሁለት ውል አድርጎ ነው ያወጣው፤ እዚያው ቀን በስርዓት አስመልሺውና በአንድ ያውጣልሽ። የወጣ ቲኬት በወጣበት ቀን መሻር ቀላል ነው፣ ሲነጋ ግን የቅጣት ነገር ይመጣል።